ቢም ያዋጣችኋል? ከፈረሰው ሥራ ጀምራችሁ አስሉት

የኮንክሪቱን ቢም እያልኩ አይደለም። ሕንፃውን መሬት ሳይቆፈር ከነቧንቧው ከነፌሮው ኮምፒውተር ላይ የመገንባቱን ነገር ነው፤ በሪቪት፣ በአርኪካድ ምናምን ሶፍትዌር (በእንግሊዝኛ BIM)። ሻጮቹ "ገንዘብ ይቆጥባል" ይሏችኋል። ስንት? የማንን? መልሱ ያለው እናንተው ቢሮ ውስጥ ነው።

ያለፈውን ፕሮጀክት የሳይት መዝገብና የክፍያ ሰነድ አውጡ። ፈርሶ እንደገና የተሠራውን ሁሉ ከነዕቃው፣ ከነጉልበቱ፣ ሥራ ከቆመበት ቀን ጋር ጻፉት። ከዚያ እያንዳንዱን "እንዲህ ያለ የኮምፒውተር ሞዴል ቢኖር ቀድሞ ይታይ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። ራሳችሁን አትሸውዱ፤ ሲሚንቶ ጠፍቶ የቆመን ሥራ ሞዴል አያድነውም።

ይታይ የነበረው ምን ዓይነት ነው? 110 ሚሊሜትር የሽንት ቤት ቧንቧ በኮንክሪቱ ቢም ሥር 8 ሜትር ሄዶ ሻፍት (ቧንቧዎች ቁልቁል የሚወርዱበት ክፍተት) ይገባል እንበል። በ2 በመቶ ተዳፋት መጨረሻው ላይ 16 ሴንቲ ወርዷል። ፕላኑ ላይ ግን አንድ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም፣ ኮርኒስ ሠሪው መጥቶ ቧንቧው ከኮርኒሱ በታች ብቅ እስኪልበት ድረስ። ያኔ ወይ ኮርኒሱ ዝቅ ይላል፣ ወይ አንዱ ቢሙን እንብሳው ይላል፤ የስትራክቸር ኢንጂነሩ ሲሰማ ደግሞ ሌላ ጣጣ።

የእንዲህ ዓይነቱን ድምር ግማሽ ብቻ "ይድናል" ብላችሁ ያዙ።

ወደ ወጪው። የሪቪት አምራች አውቶዴስክ ቋሚ ላይሰንስ መሸጥ እ.ኤ.አ. በ2016 አቁሟል፤ ክፍያው በየዓመቱ ነው፣ ያውም በዶላር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት ያሰላችሁት ካለ ጣሉት። ጠንከር ያለ ኮምፒውተርም ያስፈልጋል። ከሁሉም የሚከብደው ግን ጊዜው ነው፤ የመጀመሪያው ፕሮጀክት ከለመዳችሁት የአውቶካድ ሥዕል ይዘገያል፣ ያሠለጠናችሁት ልጅም ሲጎብዝ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ውልቅ ሊል ይችላል። ይህንንም በብር ተምኑት።

ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ጋ ነው፦ የሚያወጣውና የሚያተርፈው አንድ ሰው ላይሆን ይችላል። አማካሪ ከሆናችሁ ከማፍረስ የሚድነው ገንዘብ የኮንትራክተሩ ወይም የባለቤቱ ነው። ስለዚህ ሞዴሉን በዲዛይን ዋጋችሁ ውስጥ አስገቡት፣ አለዚያ በነፃ እየሠራችሁ ነው።

ለጂ+2 መኖሪያ ቤት እኔ አልደክምበትም። ሆስፒታል ወይም ሆቴል ከሆነ ግን ሁሉንም ባትችሉ እንኳ ቤዝመንቱንና የሽንት ቤቶቹን መስመር ሞዴል አድርጉ። ከሞዴሉ የሚወጣውን ልክ ደግሞ ዝም ብላችሁ ቢኦኪው (የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝሩ) ላይ አትለጥፉ፤ ሶሌታውና ቢሙ በትክክል ካልተገጣጠሙ ያው ኮንክሪት ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። የአንድ ፎቅ ታክኦፍ በእጅ ሠርታችሁ፣ ማለትም ልኩን ራሳችሁ ከፕላኑ አውጥታችሁ፣ አስተያዩት።