የላስቲክን ዕድሜ የሚያረዝም ውህድ ፓተንት ያስገኝ እንደሆነ እንዴት ይመረመራል?

በጅማ ዞን በማናም ይሁን በጎማ ወረዳ፣ ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ የሚለበስ ላስቲክ ፀሐይ ሲከርምበት ምን እንደሚሆን የጅማ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ይገረጣል፣ ይደርቃል፣ በመጨረሻ ሲነኩት እጅ ላይ ይፈረፈራል። ጥፋቱ የኦክስጅን ነው። ሙቀትና ብርሃን ላስቲኩ ከተሠራበት ረጅም ሞለኪውል፣ ማለትም ከፖሊመር ሰንሰለት ላይ ሃይድሮጂን ያስለቅቃሉ። በቦታው የሚቀረው ነፃ ራዲካል (ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን ያለው ቁራጭ) ኦክስጅን ይይዝና ከጎረቤቱ ሰንሰለት ሌላ ሃይድሮጂን ይነጥቃል። እሳት ከጎጆ ወደ ጎጆ እንደሚዛመት እንዲህ እየቀጠለ ሰንሰለቶቹ ይበጣጠሳሉ።

ይህን የሚገታው አንቲኦክሲዳንት ነው። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከላስቲኩ ክብደት ከ0.05 እስከ 0.5 በመቶ። ሁለት ዋና ዋና ወገኖች አሉት። ፌኖሎች የራሳቸውን ሃይድሮጂን ለራዲካሉ ሰጥተው ያበርዱታል፤ ፎስፋይቶች ደግሞ በመሐል የሚፈጠረውን ሃይድሮፐርኦክሳይድ አዲስ ራዲካል ሳይወልድ ያጠፉታል።

ቡና ውስጥ የሚገኘው ክሎሮጀኒክ አሲድ ፌኖል ነው። የእርጥብ ቡና መፈልፈያዎች በሚጥሉት ገለፈት ውስጥም አለ። ስለዚህ ጅማ ላይ ፖሊመር የሚያጠና ሰው ዓይኑ ገለፈቱ ላይ ቢያርፍ አይገርምም። «ከገለፈቱ አውጥቼ ላስቲኩ ከሚሠራበት ፖሊኢትሊን ጋር ባዋህደውና ላስቲኩ ቢቆይልኝ ፓተንት አገኛለሁ?» የሚል ጥያቄ ላነሳ ሰው የምመክረው መንገድ ይህ ነው።

1. ማመልከቻው ሳይገባ አይናገሩ

በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት አንድ ፈጠራ አዲስ የሚባለው ቀድሞ ካልታወቀ ነው። በየትኛውም አገር በጽሑፍ የወጣ ነገር እንደታወቀ ይቆጠራል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ ደግሞ በቃል መነገሩ ወይም ሥራ ላይ መዋሉ ብቻ ይበቃል። ኢንተርኔት ላይ የተጫነ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ በዐውደ ጥናት የቀረበ ፖስተር፣ ለፋብሪካ የተሰጠ ናሙና ሁሉም በራስዎ ላይ ማስረጃ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚያማክሩት ሰው ካለ አስቀድሞ የምስጢር ስምምነት ይፈርም። ይህን ደረጃ ያስቀደምኩት ይህኛው ስሕተት ከሌላው ይልቅ ለማረም የሚያስቸግር ስለሆነ ነው።

2. በእጅዎ ያለው ምን እንደሆነ ይለዩ

«አንቲኦክሲዳንት አገኘሁ» ማለት ብቻውን ለፓተንት አይበቃም። ክሎሮጀኒክ አሲድ ገለፈት ውስጥ መኖሩ ግኝት ነው፤ ግኝት ደግሞ በአዋጁ ፓተንት አይሰጠውም። ሊጠየቅ የሚችለው ከአራቱ አንዱ ነው፦ ከዚህ በፊት ያልነበረ ውህድ፣ በተወሰነ መጠን የተዘጋጀ ድብልቅ፣ የማምረቻ ዘዴ፣ ወይም የታወቀን ውህድ ላልታሰበ አገልግሎት ማዋል። አዲስ ውህድ ሠርተው ከሆነ መብቱ ሰፊ ነው። ከገለፈት የወጣ ጭማቂ ከሆነ ግን በአብዛኛው የሚያዋጣው ድብልቁ ወይም ዘዴው ነው።

3. ፍለጋ

ኤስፓስኔት፣ ፓተንትስኮፕና ጉግል ፓተንትስ የተባሉት የፓተንት መፈለጊያ ድረ ገጾች ያለ ክፍያ ይሠራሉ። በቃል ብቻ አይፈልጉ፤ አንድ ውህድ ብዙ ስም አለውና። ሲኤኤስ (CAS) በሚባለው የኬሚካሎች መዝገብ በተሰጠው ቁጥር ይፈልጉ፤ የክሎሮጀኒክ አሲድ 327-97-9 ነው፤ ቢኤችቲ የሚባለው የታወቀ ፌኖል 128-37-0። ከዚያ በዓለም አቀፉ የፓተንት ምድብ ይግቡ። ፖሊመር ውስጥ የሚገቡ ፌኖሎች በሲ08ኬ (C08K) 5/13፣ የአንቲኦክሲዳንት ድብልቆች በሲ09ኬ (C09K) 15 ሥር ይገኛሉ፤ ከዚያው ውስጥ 15/34 የሚለው ከዕፅዋትና ከእንስሳት የተገኙ፣ ቅንብራቸው በውል ያልታወቀ ቁሶች ያሉባቸውን ይይዛል።

አንድ ወጥመድ አለ። የኬሚስትሪ ፓተንቶች አንድን መዋቅር ስለው «እዚህ ቦታ ላይ ከእነዚህ ማንኛውም ሊገባ ይችላል» ይላሉ፤ ማርኩሽ ይባላል። የእርስዎ ውህድ በስሙ ባይጠራም በዚያ ሥዕል ጥላ ሥር ሊወድቅ ይችላል። መዋቅሩን እያንዳንዱን ቦታ እየነካኩ ያነጻጽሩት።

4. ዋናው ፈተና፦ ባለሙያ ይጠብቀው ነበር?

ብዙ የአንቲኦክሲዳንት ማመልከቻ የሚወድቀው እዚህ ነው። አዲስ መሆን አይበቃም፤ በመስኩ የሠለጠነ ሰው በቀላሉ የማይደርስበት መሆን አለበት። ፌኖል ራዲካልን እንደሚያበርድ የታወቀ ነው። የተፈጥሮ ፌኖሎችም ለፖሊመር ውለዋል፤ ቫይታሚን ኢ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ፖሊኢትሊን ውስጥ ይገባል፣ ሊግኒን የተባለው የእንጨት ክፍልም ተሞክሯል። «ከቡናም ይሠራል» ማለት እንግዲህ የሚጠበቅ ነው። ይህ ፈተና አገራችንን ጠቅሟል፦ በጤፍ ዱቄት ላይ ኔዘርላንድስ ውስጥ ተይዞ የነበረውን ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሻረው ፈጠራዊ ብቃት የለውም ብሎ ነው። ያን ጊዜ የተደሰትንበት ሚዛን ለእኛም ማመልከቻ ያው ነው።

ስለዚህ ያልተጠበቀውን ይፈልጉ። ክሎሮጀኒክ አሲድ ውሃ ወዳድ ነው፤ ፖሊኢትሊን ደግሞ አይደለም፤ አይዋሐዱም። ረጅም የካርቦን ጅራት ቢቀጥሉበት መሻሻሉን ማንም ይገምታል። በአንድ የጅራት ርዝመት ላይ ብቻ ውጤቱ ድንገት ዘሎ ከወጣ ግን የሚነገር ነገር አለ።

ድብልቅ ከሆነ ሒሳቡን ይሥሩ። ለምሳሌ ያህል፣ በቤተ ሙከራ ከፍተኛ ሙቀት ውስጥ «ሀ» ብቻውን በ0.1 በመቶ ላስቲኩን 10 ደቂቃ አቆየው፣ «ለ» ብቻውን በ0.1 በመቶ 14 ደቂቃ። ግማሽ በግማሽ ተቀላቅለው ጠቅላላው ያው 0.1 በመቶ ሲሆን የሚጠበቀው 12 ገደማ ነው። 30 ካገኙ ተደጋግፈዋል። ነገር ግን ፌኖልና ፎስፋይት እንደሚደጋገፉ ራሱ ከድሮ የታወቀ ስለሆነ፣ የእርስዎ ጥንድ ከተለመዱት ጥንዶች መብለጡን በቁጥር ማሳየት አለብዎት።

5. ማስረጃውን ያዘጋጁ

ሁልጊዜ ሦስት ነገር ጎን ለጎን ይፈተን፦ ምንም ያልተጨመረበት፣ ገበያ ላይ ያለው አንቲኦክሲዳንት የተጨመረበት፣ የእርስዎ። የኦክሳይድ መነሻ ጊዜ (ላስቲኩ በኦክስጅን መጠቃት እስኪጀምር የሚፈጀው) ዲኤስሲ (DSC) በሚባል የሙቀት ለውጥ መለኪያ መሣሪያ፣ በኦክስጅን ውስጥ፣ ለፖሊኢትሊን ብዙውን ጊዜ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይለካል። ደጋግሞ አቅልጦ የፍሰት መጠኑን መለካት በፋብሪካ ማሽን ውስጥ ምን እንደሚገጥመው ያሳያል። ሰው ሠራሽ ብርሃን ላይ አቆይቶ ላስቲኩ ኦክሳይድ መሆኑን የሚናገረውን፣ በኢንፍራሬድ ወደ 1715 cm⁻¹ አካባቢ የሚወጣውን የካርቦኒል ምልክት መከታተልም አለ። የማድረቂያ አልጋውን ላስቲክ አድናለሁ ካሉ ይህ የመጨረሻው ግድ ነው፤ ለፀሐይ አንቲኦክሲዳንት ብቻ አይበቃም፣ የብርሃን ማረጋጊያም ይፈልጋል።

6. የመብት ጥያቄውን ይጻፉ

ከሰፊው ጀምረው ያጥቡ፦ መጀመሪያ ድብልቁ በጠቅላላ፣ ቀጥሎ የመጠኑ ወሰን፣ ቀጥሎ በጣም የተሳካልዎ ቁጥር። ሰፊው ቢወድቅ ጠባቡ ይተርፋል። ከ0.05 እስከ 0.5 በመቶ ብለው ጠይቀው የፈተኑት 0.1ን ብቻ ከሆነ ግን መርማሪው ይይዝዎታል፤ ዳርና ዳሩንም ይፈትኑ።

7. የት ያቀርቡታል?

ማመልከቻው የሚገባው ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ፓተንቱ ለ15 ዓመት ይጸናል፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ በአግባቡ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመራል። በአራተኛው ደረጃ ላይ ከተንገዳገዱ የግልጋሎት ሞዴል የሚባል አነስ ያለ ጥበቃ አለ፤ ፈጠራዊ ብቃት አይጠይቅም፣ የሚቆየው 5 ዓመት ሆኖ ለሌላ 5 ሊታደስ ይችላል። ለአንድ የገለፈት ድብልቅ ብዙ ጊዜ ትክክለኛው በር ይህ ይመስለኛል፤ ማንም እንደ ሽንፈት አይቁጠረው። ሁለቱም የሚያስከብሩት እዚሁ አገር ውስጥ ብቻ ነው።

ጥሬ ዕቃው ከዕፅዋት የተገኘ ስለሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ለጄኔቲክ ሀብት ፈቃድ ያስፈልግዎት እንደሆነ ገለፈቱን መሰብሰብ ከመጀመርዎ በፊት ከብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይጠይቁ። ከየትኛው መፈልፈያ፣ በየትኛው ወር፣ ስንት ኪሎ እንደወሰዱም የቤተ ሙከራው መዝገብ ላይ ያስፍሩ።