ለጉልበትና ለትከሻ ጉዳት ወደ አጥንት ሐኪም ሲሄዱ

በጃንሜዳ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ የዞረበትም ሆነ በክረምት ዝናብ በቸርችል ጎዳና ቁልቁለት አዳልጦት በትከሻው የወደቀ ሰው፣ ሐኪም ዘንድ ከመድረሱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ኤምአርአይ ልነሣ ወይ?» ብሎ ነው። ኤምአርአይ የሰውነትን ውስጥ በማግኔት ኃይል የሚያሳይ ፊልም ነው፤ ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ተራው ሦስተኛ ነው። በእነዚህ መገጣጠሚያዎች ላይ የሚሠራ የአጥንት ቀዶ ሐኪም በመጀመሪያ ጉዳቱ እንዴት እንደደረሰ ይሰማል፤ ቀጥሎ በእጁ ይመረምራል፤ ፊልሙን የሚያዝዘው ከሁለቱ ያገኘውን ጥርጣሬ ለማረጋገጥ ነው። ስለዚህ ከገንዘብም ከወረቀትም አስቀድሞ መዘጋጀት ያለበት የጉዳቱ ታሪክ ነው።

ጉልበት ከሆነ፣ በተጎዱበት ቅጽበት እግርዎ መሬት ላይ ተተክሎ ሰውነትዎ ዞሮ እንደሆነ፣ ሰው መትቶዎት እንደሆነ፣ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰምተው እንደሆነ ያስታውሱ። እብጠቱ የመጣበት ሰዓት ከሁሉ ይበልጥ ጠቃሚ ነው። ጉልበቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካበጠ መገጣጠሚያው ውስጥ ደም መፍሰሱን ስለሚያመለክት፣ ሐኪሙ ጉልበትን ከውስጥ አጽንቶ የሚይዘው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት መበጠሱን ይጠረጥራል፤ እብጠቱ በማግስቱ ቀስ ብሎ ከመጣ ደግሞ ሐሳቡ በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ወደተነጠፈው ሜኒስከስ ሊያዘነብል ይችላል። «ያመኛል» ብሎ ማቆም አይበቃም፤ ደረጃ ሲወርዱ ይከዳዎታል? ታጥፎ አልዘረጋ ይላል? ጨርሶ የማይዘረጋ ጉልበት ረጅም ቀጠሮ የሚጠብቅ ጉዳይ ስላልሆነ፣ ካርድ ሲያወጡ ይህንኑ ይናገሩ።

ትከሻ ወልቆ ከነበረ ደግሞ ክንድዎ በምን ሁኔታ ላይ ሳለ እንደወለቀ፣ ከዚህ በፊት ወልቆ ያውቅ እንደሆነ፣ ማን እንደመለሰውና ከመመለሱ በፊት ራጅ ተነሥቶ እንደነበረ ይጠየቃሉ። በወጣትነት የወለቀ ትከሻ ደግሞ ደጋግሞ የመውለቅ ዕድሉ ከፍተኛ በመሆኑ ዕድሜም የታሪኩ አካል ነው። ዕድሜያቸው ከ40 ያለፈ ሰዎች ወድቀው ክንዳቸውን ወደ ላይ ማንሣት ካቃታቸው «ይሻለኛል» እያሉ ወራት ማሳለፍ የለባቸውም፤ ክንድ የሚያነሡት ጅማቶች ተበጥሰው ሊሆን ይችላል፤ የቆየ ብጣሽ ደግሞ እየተሰበሰበ ስለሚሄድ ለመስፋት ያስቸግራል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሳይወድቅም ትከሻው ሊደርቅ ስለሚችል፣ ሕመሙን ሳይጠየቅ ቢናገር ይመረጣል።

ስለ ወጌሻ ሳያነሡ ማለፍ በከተማችን የሚቻል አይመስለኝም። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው፤ ቅርብ ናቸው፣ ቀጠሮ የላቸውም፣ ቤተሰብም ያውቃቸዋል። ይሁን እንጂ የወለቀ የመሰለ ትከሻ ስብራትም ሊኖረው ስለሚችል ራጅ ሳይታይ መጎተት አደገኛ ነው፤ ትኩስ እብጠትንም ማሸት ይጎዳል። በእንጨት ጠብቆ የታሰረ እጅ ወይም እግር ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ መድረሱ ለአገራችን የአጥንት ሐኪሞች እንግዳ ነገር አይደለም። ከታሰሩ በኋላ ጣቶችዎ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየበረታ ከሄደ እስሩን አስፈትተው በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ወጌሻ ዘንድ መሄድዎን ለሐኪሙ መደበቅም አይገባም፤ ሊቆጣ ቢችልም መረጃው ያስፈልገዋል።

አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው ወይም የጉልበቱ ወይም የትከሻው ቅርጽ የተዛባበት ሰው በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሄዳል። ሌላው በጤና መድን የሚታከም ከሆነ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ይዞ ወደ ተላከበት ሆስፒታል ይሄዳል። ጥቁር አንበሳ የአጥንት ስፔሻሊስቶች የሚሠለጥኑበት ሆስፒታል በመሆኑ፣ ወደዚያ ከተላኩ ያንኑ ጉልበት ሁለትና ሦስት ሐኪም ቢመረምረው አይገረሙ። የቀድሞ ራጅና ኤምአርአይ ካለዎት የውጤት ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ፊልሙን ወይም ሲዲውን ይያዙ፤ ቀዶ ሐኪም በራሱ ዓይን ማየት ይፈልጋል።

ለምርመራው እስከ ጭን የሚሰበሰብ ሰፊ ልብስ ይልበሱ። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ በጤነኛው ጉልበት የሚጀምረው ተሳስቶ ሳይሆን ለማነጻጸር ነው። የታመመውን ጉልበት በትንሹ አጥፎ፣ በአንድ እጁ ጭንዎን ይዞ በሌላው ቅልጥምዎን ወደ ፊት ሲስብ፣ ጅማቱ ጤነኛ ከሆነ ጸንቶ ይቆማል፤ ከተበጠሰ ግን አጥንቱ ተንሸራትቶ ይመጣል። ፈርተው ጡንቻዎን ካጠነከሩ ይህ ልዩነት ስለሚሰወር እግርዎን ይልቀቁለት።

ቀዶ ሕክምና ከተነሣ፣ ያለ እርሱ በፊዚዮቴራፒ (በአካል እንቅስቃሴ ሕክምና) መዳን ይቻል እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ፤ መስቀለኛ ጅማቱ የተበጠሰ ሰው ሁሉ ቀዶ ሕክምና አይደረግለትም፤ ውሳኔው በሚሠሩት ሥራና በሚጫወቱት ስፖርት ላይ ይመሠረታል። ቀዶ ሕክምና የሚደረግም ቢሆን እብጠቱ ጎድሎ ጉልበቱ መዘርጋት እስኪችል መጠበቁ የተለመደ ስለሆነ «ለምን ዛሬ አልተሠራልኝም» ማለት አያስፈልግም። ጅማቱ ከተተካ በኋላ ወደ ኳስ ሜዳ ለመመለስ ብዙውን ጊዜ 9 ወር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይጠበቃል፤ በዚህ ጊዜ ዋናው ሥራ ፊዚዮቴራፒ ነውና የሚመላለሱበትን ቦታ ለቤትዎ ወይም ለሥራዎ ቅርብ አድርገው ይምረጡ።

ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ከጉልበቱ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ቀን በፊት የክራንች አያያዝን ይለማመድ፤ የሚቻል ከሆነም ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምድር ቤት ካለው ዘመድ ዘንድ ይረፍ። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድምና ክራንቹና የታመመው ይከተላሉ፤ ሲወርዱ ግን ክራንቹና የታመመው እግር አስቀድመው ይወርዳሉ።