የበረዶ መብሻ ኤሌክትሪክ ኦገር ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሚኒሶታ ውስጥ ብርዱ ሲጠና ሐይቁ በረዶ ሆኖ ይረጋና ላዩ ላይ ይኬዳል። ከሚኒያፖሊስ ወይም ከሴንት ፖል ወጣ ብሎ ሚኒቶንካ ወይም ዋይት ቤር ሐይቅ ላይ ስሌዱን እየጎተተ የሚገባ ሰው፣ መንጠቆ ከመጣሉ በፊት በረዶውን በስቶ ውሃው ጋ የሚያደርሰው ዕቃ ያስፈልገዋል። ኦገር ይሉታል። ጥምዝ ክንፍ ያለው ረጅም ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ ሁለት ስለት ታስሯል። ድሮ በእጅ ይዞር ነበር፣ ቀጥሎ በቤንዚን ሞተር፤ አሁን ባትሪው ገበያውን እየያዘ ነው። ጭስ የለውም፣ ድንኳን ውስጥ ይሠራል፣ ገመድ እየሳቡ ማስነሳትም ቀርቷል። አስቸጋሪው ምርጫው ነው፤ ካርቶኑ ላይ ደምቀው የሚጻፉት ቁጥሮች ገዢውን ከማገዝ ይልቅ ማሳሳት ይቀናቸዋል።

ቮልቱን ብቻ አይቶ መግዛት

“ይሄ 40 ቮልት ነው፣ ያኛው 18 ብቻ” ብሎ መወሰን በጣም የተለመደው ስህተት ነው። ቮልት ብቻውን ባትሪው ስንት ቀዳዳ እንደሚያስበሳ አይናገርም። በባትሪው ውስጥ ያለውን የኃይል ክምችት የሚነግረን ዋት-ሰዓት ነው፤ የሚገኘውም ቮልቱን በአምፒር-ሰዓት በማባዛት ነው።

ስሌቱ ውስጥ አንዲት የነጋዴ ብልጠት አለች። 40 ቮልት ተብሎ የሚሸጠው ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ በተከታታይ የተያያዙ 10 የሊቲየም ሴሎች ናቸው። አንዱ ሴል ሥራ ላይ በአማካይ 3.6 ቮልት ስለሚሰጥ፣ የባትሪው ትክክለኛ ቮልት 36 ነው። 40 የሚለው ባትሪው ሙሉ በሙሉ ሲሞላ ለጥቂት ጊዜ የሚታይ ቁጥር ነው። 20 ቮልት የተባለውና 18 ቮልት የተባለው የትራፓኖ ባትሪም እንዲሁ ሁለቱም ባለ 5 ሴል ናቸው፤ የሚለያዩት ላያቸው ላይ በተጻፈው ነው።

እንግዲህ እናስላው። ባለ 40 ቮልቱ 4 አምፒር-ሰዓት ቢሆን፣ 36 በ4 ሲባዛ 144 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ባለ 18 ቮልት 5 አምፒር-ሰዓት 90 ነው። ባለ 18 ቮልት 12 አምፒር-ሰዓት ግን 216 ይደርሳል። በቮልት ያነሰው በክምችት በለጠ ማለት ነው፤ ክብደቱ ግን እንደሚጨምር አይርሱ።

“በአንድ ቻርጅ 100 ቀዳዳ” የሚለውን ማስታወቂያ ሲያዩም ስንት ኢንች ውፍረት ያለው በረዶ ላይ እንደሆነ ይጠይቁ። በአንድ ቻርጅ በድምሩ 1,200 ኢንች በረዶ ይበሳል የተባለ ባትሪ፣ 12 ኢንች በረዶ ላይ 100 ቀዳዳ፣ 30 ኢንች በረዶ ላይ ግን 40 ብቻ ያወጣል። ያም ስለቱ አዲስ፣ ባትሪው ሞቅ ያለ ከሆነ ነው። ስለዚህ ከራስዎ ፍላጎት ይነሱ። የሚኒሶታ ሕግ በረዶ ላይ ለአንድ ሰው ሁለት የዓሣ ማጥመጃ መስመር ይፈቅዳል፤ ዓሣው ያለበትን ለመፈለግ ግን በአንድ ቀን 20 ቀዳዳ መብሳት ብርቅ አይደለም። 20 ቀዳዳ በ15 ኢንች 300 ኢንች ነው። የቅዳሜ ዓሣ አጥማጅ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ለ1,500 ኢንች ባትሪ የሚከፍለው ትርፍ ገንዘብ መኪናው ውስጥ ተኝቶ ይውላል።

“ሰፊው ይሻላል” ብሎ 10 ኢንች መውሰድ

ኦገር በብዛት የሚሸጠው በ6፣ በ8 እና በ10 ኢንች ስፋት ነው። ከ8 ወደ 10 መሄድ ለዓይን ትንሽ ይመስላል፤ ለባትሪው ግን ትንሽ አይደለም። የሚፈጨው በረዶ የሚጨምረው በስፋቱ ካሬ ነውና። 20 ኢንች ውፍረት ባለው በረዶ ላይ ባለ 6 ኢንቹ ወደ 9 ሊትር፣ ባለ 8ቱ ወደ 16 ሊትር ተኩል፣ ባለ 10ሩ ደግሞ ወደ 26 ሊትር በረዶ ያወጣል። በጀሪካን እናስበው፦ ባለ 6ቱ ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን ግማሹን እንኳ አይሞላም፤ ባለ 10ሩ ሞልቶት ይተርፋል። ባትሪው ያው ባትሪ ሆኖ ሳለ፣ የባለ 6ቱ ቀዳዳ ቁጥር ከባለ 10ሩ ሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይሆናል።

ምርጫውን ለዓሣው ይተዉት። ለክራፒ፣ ለብሉጊልና ለፐርች፣ ማለትም ለትናንሾቹ ዓሣዎች፣ 6 ኢንች በቂ ነው። ከእነሱ የሚተልቀውን ዎልአይ የሚፈልግ ሰው 8 ቢይዝ አይጸጸትም፤ የሶናሩ (ከበረዶው ሥር ዓሣ መኖሩን የሚያሳየው መሣሪያ) ሽቦና የዓሣው መስመር እንዳይጠላለፉም ቦታ ይሰጣል። 10 ኢንች የሚያስፈልገው ትልልቅ ኖርዘርን ፓይክ ወይም ሌክ ትራውት ለሚያድን፣ ወይም በጎማ ላይ ባለ የበረዶ ቤት (ሐይቁ ላይ ተጎትቶ የሚቆም የዓሣ ማጥመጃ ክፍል) ውስጥ ተቀምጦ ጥቂት ቀዳዳ ብቻ ለሚበሳ ነው። አንዱን ብቻ ምረጡ ብንባል 8ን እንላለን፤ በእግሩ የሚሄድና ብዙ ቀዳዳ የሚሞክር ሰው ግን 6ን አይናቅ።

ቤት ያለውን ማንኛውንም ትራፓኖ መግጠም

ለብዙ ሰው የሚያዋጣው መንገድ ሙሉ ኦገር መግዛት ሳይሆን ለትራፓኖ የተሠራ ኦገር ገዝቶ ቤት ካለው ትራፓኖ ጋር ማያያዝ ነው። ክብደቱ ከነትራፓኖው ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሲሆን፣ ሙሉው ባለ 40 ቮልት ግን ከ8 እስከ 10 ኪሎ ይመዝናል። ግንባታ ወይም ጥገና ለሚሠራ ሰው ባትሪውም ቻርጀሩም አለ ማለት ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ የሚበላሸው ግን ሦስት ቦታ ላይ ነው።

አንደኛው ጉልበቱ ነው። ለሥዕል መስቀያ ግድግዳ የሚበሳ ርካሽ ትራፓኖ 300 ወይም 400 ኢንች-ፓውንድ የመጠምዘዝ ጉልበት ቢኖረው ነው። ባለ 8 ኢንች ኦገር ለማዞር ከ700 ኢንች-ፓውንድ፣ ማለትም ከ80 ኒውተን-ሜትር ገደማ በላይ ያለው፣ ሞተሩ ብራሽለስ (ካርቦን ብራሽ የሌለው) የሆነና ፑንታ የሚነክሰው አፉ ግማሽ ኢንች የሚከፈት ይፈልጉ። ባትሪው ቢያንስ 4 አምፒር-ሰዓት ይሁን፤ ትንሹ ባትሪ ቶሎ ከማለቁ በላይ፣ ሞተሩ የሚጠይቀውን ኃይል በአንድ ጊዜ መስጠት ያቅተዋል። ደካማ ትራፓኖ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ሽታ ያመጣል፣ ከዚያ ያበቃል። ብሎን የሚያጠብቀው እየመታ የሚዞር ኢምፓክት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ መዶሻ የሚሰጥ ትራፓኖም ከሆነ መዶሻውን ያጥፉት። ፍጥነቱን 1 ላይ፣ ክላቹን (ጉልበቱን የሚገድበውን ቀለበት) የፑንታ ምልክቱ ላይ ያድርጉ። ፍጥነት 2 ላይ የሚሠራ ሰው ለጊዜው የፈጠነ ይመስለዋል እንጂ ሞተሩን እያነቀው ነው።

ሁለተኛው የእጅ አንጓ ነው። ስለቱ በረዶው ውስጥ ድንገት ከያዘ ኦገሩ ይቆማል፣ ትራፓኖው ግን መዞሩን ይቀጥላል፤ የሚዞረው እርስዎ እጅ ውስጥ ነው። ከትራፓኖው ጋር የመጣውን የጎን እጀታ ሳይገጥሙ በአንድ እጅ አይሥሩ። እጀታው ካርቶኑ ውስጥ እንደተረሳ የሚቀርባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም።

ሦስተኛው በጣም የሚያናድደው ነው፦ ኦገሩ ሐይቅ ውስጥ መስመጥ። የትራፓኖው አፍ በንዝረት ወይም ወደኋላ ሲዞር ሊላላ ይችላል። ብዙ ሰው ቀዳዳውን ከበሳ በኋላ የበረዶውን ፍርፋሪ ወደ ታች ለመግፋት ትራፓኖውን ወደኋላ ያዞራል፤ በዚያችው ቅጽበት አፉ ይከፈትና ዘንጉ ወደ ታች ይሄዳል። ስለዚህ ወይ በራሱ የሚንሳፈፍ፣ ወይ ከላይ ከቀዳዳው የሰፋ ክብ ሰሌዳ ያለው ኦገር ይግዙ። ሰሌዳው ርካሽ ነው፤ ለብቻውም ይሸጣል። አፉን ደግሞ በየጥቂት ቀዳዳው በእጅ ያጥብቁት።

የባትሪውን ብርድ አለማሰብ

ሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ውስጣዊ ተቃውሞው ይጨምራል። ኦገሩ በረዶውን ሲነክስ ቮልቱ ድንገት ይወርድና የባትሪው መከላከያ ሞተሩን ያቆመዋል፤ ሰውየውም ባትሪው አልቋል ብሎ ያስባል። አላለቀም፤ ቀዝቅዞ ነው። ኮት ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ቢያስገቡት የተወሰነው ይመለሳል። ሲገዙ እንግዲህ ባትሪው በቀላሉ የሚወጣ መሆኑን ያረጋግጡ። ጓንት አጥልቀው ሱቁ ውስጥ ይሞክሩት፤ ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ። ሐይቅ ላይ በማይሠሩበት ጊዜ ባትሪውን ምሳ በሚያዝበት የማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ ያኑሩ፤ ቅዝቃዜን የሚጠብቅ ሳጥን ሙቀትንም ይጠብቃል።

ከዚህ የሚብሰው ስህተት ቻርጅ ሲደረግ ነው። ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የቀዘቀዘን ሊቲየም ባትሪ መሙላት ይጎዳዋል። ሊቲየሙ ወደ ውስጥ መግባት ስለሚያቅተው እንደ ብረት ሆኖ ላይ ላዩን ይለጠፋል፣ የባትሪው አቅምም ላይመለስ ይቀንሳል። ከሐይቅ ተመልሰው ጋራዥ ውስጥ ወዲያው አይሰኩት። ሳሎን ገብቶ የቤቱን ሙቀት ይያዝ፣ ከዚያ ይሰካ። ጥሩ ቻርጀር ቀዝቃዛ ባትሪን ራሱ አልቀበልም ይላል፤ መብራቱ ሲብለጨለጭ ቻርጀሩ ተበላሸ ብለው አይመልሱት። ወቅቱ ሲያልፍ ደግሞ ባትሪውን ሙሉም ባዶም ሳያደርጉ፣ ግማሽ ገደማ ሞልተው ቤት ውስጥ ያስቀምጡ።

ስለቱን እንደ ተራ ዕቃ ማየት

ገዢው ስለ ሞተሩ አንድ ሰዓት ይጠይቃል፤ ስለ ስለቱ ምንም። በረዶውን የሚቆርጠው ግን ስለቱ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። ምላጭ መሰሉ ቀጥ ያለና ስስ ነው፤ ንጹሕ በረዶን በፍጥነት ይልጣል፣ ከባትሪም ብዙ አይፈልግም። ባለ ጥርሱ በረዶውን እየፈለጠ ስለሚሄድ ይዘገያል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ቆሻሻ ያለበትን በረዶና ተመልሶ የረጋ የትናንት ቀዳዳን ይችላል። ምላጭ መሰሉን አሮጌ ቀዳዳ ላይ ከሞከሩት መሐል ላይ የሚይዘው ነገር ስለማያገኝ ይዘልላል፣ ጠርዙም ይሸረፋል። ሁልጊዜ አዲስ ቦታ ለሚበሳ ሰው ምላጭ መሰሉ፣ ያው ቀዳዳ ላይ ለሚመለስ ደግሞ ባለ ጥርሱ ይመረጣል።

ከስለቱ ሹልነት እኩል፣ ምናልባትም በላይ፣ ወሳኙ የተቀመጠበት ማዕዘን ነው። ኦገሩን በረዶ ላይ ጠብ ጠብ አድርጎ ፍርፋሪውን የማራገፍ ልማድ ማዕዘኑን በጥቂቱ ያጣምመዋል፤ ከዚያ ስለቱ ገና ስለታም ሆኖ ሳለ ኦገሩ በረዶው ላይ ይሽከረከራል እንጂ አይገባም። ፍርፋሪውን እየዞረ እያለ ከፍ በማድረግ ያራግፉ። ቤት ውስጥ በሞረድ መሳልም ያንኑ ማዕዘን ያበላሻል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የዚያ ኦገር መለዋወጫ ስለት በአቅራቢያዎ እንደሚገኝ ይጠይቁ። ሲቀይሩም ሁለቱን አንድ ላይ ይቀይሩ። ዳር ዳሩን ሲበሱ ደግሞ ውሃው ጥልቀት እንዳለው ይወቁ፤ አሸዋ የነካ ስለት በአንድ ቀዳዳ ያበቃለታል።

ርዝመቱን አለመለካት

ይህ አጭር ነው። ጃንዋሪ ላይ የሚበቃ ኦገር ማርች ላይ ላይበቃ ይችላል። ሌክ ኦፍ ዘ ዉድስን በመሰሉ ሰሜናዊ ሐይቆች 30 ኢንች በረዶ የሚገርም አይደለም። የበረዶ ቤት ወለል ከፍ ያለ ከሆነ ያም ከርዝመቱ ላይ ይቀነሳል። ባለ 12 ኢንች ማስረዘሚያ ይሸጣል፤ ከኦገርዎ ጋር የሚገጥም መሆኑን ግን ከመግዛትዎ በፊት ያረጋግጡ።

ኦገሩን የበረዶ መመርመሪያ ማድረግ

በሁለት ደቂቃ የሚበሳ መሣሪያ የያዘ ሰው “ገብቼ በስቼ አያለሁ” ይላል። ገብቶ ነው እንግዲህ የሚያየው። ወቅቱ ሲጀምር ውፍረቱን እየረገጡ መለካት ሳይሆን፣ ከፊት ለፊት በረዥም የብረት መውጊያ እየመቱ መሄድ ነው የሚያስፈልገው። መውጊያው ከኦገሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም፤ አንድ ላይ ይገዛ። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለእግረኛ ቢያንስ 4 ኢንች አዲስና ጥርት ያለ በረዶ ይጠይቃል፤ በየ150 ጫማውም እንዲለካ ይመክራል። ኦገሩ ሥራው ከዚያ በኋላ ነው። ነጣ ያለ፣ ስኖው የተቀላቀለበት በረዶ ከጥርቱ ግማሽ ያህል ጥንካሬ ብቻ ስላለው፣ 4 የነበረው 8 ይሆናል።