አክሴፕት ሄደርን ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ብሮውዘር ወይም የሞባይል አፕ ሰርቨርን አንድ ነገር ሲጠይቅ የሚፈልገውን የፎርማት ዓይነት በአክሴፕት ሄደር (ከጥያቄው ጋር አብሮ በሚሄድ ማስታወሻ) ይናገራል። ሄደሩ አንድ መስመር ብቻ ናት። ግን ምርጫን ከነደረጃው ይዛለች፣ ብዙ ኮድ ደግሞ ደረጃውን አያነበውም።

ደጋግሜ የማየው ስህተት ሄደሩ ውስጥ «ጄሰን» የሚል ቃል (የዳታ ፎርማት ነው) ፈልጎ ካለ ጄሰን መላክ ነው። ከፎርማቱ ቀጥሎ የደረጃ ምልክቱ «ኪው=0» ተብሎ ከተጻፈ እኮ «ይሄን አታምጣብኝ» ማለት ነው። ቃሉ አለ፣ መልእክቱ ግን ተቃራኒ ነው። በሌላ በኩል ከርል የሚባለው የጥያቄ መላኪያ ፕሮግራም ምንም ካልነገራችሁት የሚልከው «*/*» ነው፣ ማለትም ሁሉንም እቀበላለሁ። ጄሰን የሚል ቃል የለበትም፣ ጄሰን ግን ይቀበላል። ሄደሩ ጭራሽ ካልመጣም እንደዚያው ቁጠሩት።

ሁለተኛው፣ መጀመሪያ የተጻፈውን አሸናፊ ማድረግ። ቅደም ተከተል ክብደት አይሰጥም። ክብደቱን የሚናገረው ኪው ነው፤ ከ0 እስከ 1 ይሄዳል፣ ካልተጻፈም 1 ነው። ጄሰን በ0.5 ቀድሞ፣ ኤችቲኤምኤል ያለ ቁጥር ተከትሎ ቢመጣ የሚላከው ኤችቲኤምኤል ነው።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ ሰውም ይሳሳታል። ክላየንቱ (ጠያቂው ብሮውዘር ወይም አፕ) «ኢሜጅ/*» በ0.8፣ «ኢሜጅ/ፒኤንጂ» በ0.2 አለ እንበል። የፒኤንጂ ክብደት ስንት ነው? 0.2 ነው። ይበልጥ ዝርዝር የሆነው ጥቅሉን ይሽረዋል። ትልቁን ቁጥር የሚወስድ ኮድ ግን ክላየንቱ እምብዛም ያልፈለገውን ፒኤንጂ ይልክለታል።

አሁን ወደ ካሽ (መልስን አስቀምጦ ለቀጣዩ ጠያቂ ወደሚሰጠው ማከማቻ) እንምጣ፤ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። አይፎን ዌብፒ የተባለውን የምስል ፎርማት መክፈት የጀመረው በ2020 እ.ኤ.አ. በአይኦኤስ 14 ነው። በአንድ አድራሻ ለአዲስ ስልክ ዌብፒ፣ ለአሮጌ ስልክ ጄፔግ ትልካላችሁ እንበል። ካሹ ይሄን ካልተነገረው መጀመሪያ የመጣውን ዌብፒ ያስቀምጥና ለሁሉም ያድላል። አሮጌ ስልክ የያዘው ሰው ምስሉን አያይም። ማን እንደበደለውም አያውቅም፤ እናንተ ቢሮ ስትሞክሩት ደግሞ ይሠራል። መፍትሔው መልሱ ላይ ቬሪ የሚባለውን ሄደር «አክሴፕት» ብሎ መጨመር ነው። ብዙ ሰው ዌብፒው ላይ ብቻ ያደርገዋል። አይበቃም፣ ጄፔጉም ላይ መኖር አለበት። አለበለዚያ ጄፔጉ ቀድሞ ካሽ ውስጥ ሲገባ አዲሱም ስልክ እሱን ይቀበላል። ደግሞ ብሮውዘሮች የሚልኩት ሄደር ስለሚለያይ ካሹ ብዙ ቦታ ይከፋፈላል። ሲዲኤኑ (ይዘታችሁን ለተጠቃሚ ቅርብ ከሆኑ ሰርቨሮች የሚያድለው አገልግሎት) የሚፈቅድላችሁ ከሆነ ሄደሩን እዚያው «ዌብፒ ይቀበላል» እና «አይቀበልም» ወደሚሉ ሁለት ዋጋዎች አጥብቡት።

የሚመጥን ፎርማት ሲጠፋ ወዲያው 406 («የምትቀበለው ፎርማት የለኝም» የሚለውን የስህተት ኮድ) መመለስም ግዴታ አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤችቲቲፒ ደንብ፣ አርኤፍሲ 9110፣ ሄደሩን ትቶ ያለውን መላክንም ይፈቅዳል። በተለይ የስህተት መልእክት ከሆነ ላኩት፤ በማይመርጠው ፎርማት የመጣ ማብራሪያ ከባዶ 406 ይሻለዋል።

406ን ከ415 ጋር አታምታቱ። 415 ክላየንቱ የላከው ዳታ ዓይነት አልተደገፈም ማለት ነው፤ ከአክሴፕት ይልቅ ኮንቴንት-ታይፕን (የተላከውን ዳታ ዓይነት የሚናገረውን ሄደር) ይመለከታል። አሳስታችሁ ከመለሳችሁት በሌላ ወገን ያለው ዴቨሎፐር ደህና የሆነውን ዳታውን ሲፈትሽ ይውላል።