ጎበዝ ተጫዋችህን አዲስ አበባ እንዳይወስድብህ፣ ከወሰደም ባዶ እጅህን እንዳትቀር

ባለፈው ፒያሳ ማኪያቶ ይዤ ቁጭ ብዬ አንድ የሰፈር ቅርጫት ኳስ ቡድን ያቋቋመ ልጅ መጣና "ጋሼ፣ አንድ ልጅ ጎበዝ በሆነልኝ ቁጥር ስልክ ይደወልለትና ይሄዳል፣ እኔ ለአዲስ አበባ ክለቦች በነጻ ነው እንዴ የማሰለጥነው?" አለኝ። ሳቄ መጣ፣ ግን ልጁ ልክ ነው፣ እኔም ስንት ዓመት እንደዛው ነበርኩ። ያወራሁት ብዙ ስለሆነ ግማሹን መርሳቱ አይቀርም፣ ስለዚህ ጽፌ ላስቀምጠው አልኩ።

እኔ ሀዋሳ፣ ታቦር ተራራ ስር ባለች ሜዳ ነው ማሰለጥነው። ሜዳ ስል ያው ሲሚንቶዋ የተሰነጠቀ፣ ሪንጓን ብየዳ ቤት ያሰራናት፣ መረቧ ደሞ አሞራ ገደል ካሉ አሳ አጥማጆች ለምነን ያመጣነው የተበጣጠሰ የአሳ መረብ ነው፣ ዝናብ ሲመታው ይሸታል ልጆቹ ግን ለምደውታል። የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ፍጻሜ ሰሞን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ተነስቼ በስልኬ አያለሁ፣ 12 ሰዓት ላይ አይኔ ቀልቶ ልምምድ እገባለሁ። እና እዛ ማዶ የማየውና እዚህ የሚገጥመኝ ነገር አንድ ነው፣ የብሩ መጠን ብቻ ነው የሚለያየው። ሳን አንቶኒዮ፣ ሚልዋኪ፣ ኦክላሆማ ሲቲ ማለት ለሎስ አንጀለስና ለኒው ዮርክ ሀዋሳ ማለት ናቸው በቃ። ኮከብ ራሱ መርጦ አይመጣላቸውም፣ ያሳደጉት ላይ ደሞ ትልቁ ከተማ አይኑን ይጥልበታል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትምታቱ።)

ሲጀመር መግዛት ስለማትችል ሌላው ሳያየው ማየት አለብህ። ኤንቢኤ ውስጥ ቡድኖች በየዓመቱ አዲስ ተጫዋች በተራ ይመርጣሉ፣ ድራፍት ይሉታል፣ የመጀመሪያዎቹ ተራዎች ለደከሙት ቡድኖች በእጣ ይወጣሉ። የሳን አንቶኒዮዎቹ ስፐርሶች ቲም ደንካንን በ1997 በ1ኛ ምርጫ ወሰዱት፣ እሱ እድል ነው፣ እጣው የደረሰው ማንም ቢሆን ይወስደው ነበር። ጥበቡ ከሱ ጎን ያሉት ላይ ነው፣ ማኑ ጂኖቢሊን በ1999 በ57ኛ፣ ቶኒ ፓርከርን በ2001 በ28ኛ ነው ያነሷቸው፣ ሌላው ሁሉ አልፏቸው። ዴንቨር ኒኮላ ዮኪችን በ2014 በ41ኛ ነው ያገኘው። ያኒስ አንቴቶኩንፖን ሚልዋኪ በ2013 በ15ኛ ሲወስደው ግሪክ ሁለተኛ ዲቪዚዮን የሚጫወት ቀጭን ልጅ ነበር፣ የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ በአማካይ 6.8 ነጥብ ነው ያስቆጠረው፣ ቡድኑም በዛ ዓመት 15 አሸንፎ 67 ተሸንፏል። እስቲ አስበው፣ ያን ጊዜ "ይሄ ልጅ አይሆንም" ብለው ቢሸጡትስ?

እኔ እንዴት ነው የማየው ካልከኝ፣ ቁመት አላይም ብል ውሸቴን ነው፣ አያለሁ። ከመረብ ኳስ ወይ ከእግር ኳስ በረኛነት የመጣ ልጅ ደስ ይለኛል፣ እጁ ኳስ ያውቃል። ከዛ ሶስት ለሶስት አስገባቸውና ውጤት አልቆጥርም፣ ኳስ የተነጠቀ ልጅ ከዛ በኋላ ባለችው ሁለት ሰከንድ ምን እንደሚያደርግ ብቻ ነው የማየው። እጁን ዘርግቶ ፋውል ነው የሚል አለ፣ ጓደኛውን የሚቆጣ አለ፣ ዞሮ ወደራሱ ሪንግ የሚሮጥ አለ። የዚህኛውን ስም ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፣ ሹት አስተምረዋለሁ፣ ዞሮ መሮጥ ግን ማስተማር በጣም ነው ሚከብደው።

ደሞ "ዝም ብለን እንሸነፍና ጥሩ ተጫዋች በድራፍት እንወስዳለን" የሚባለውን ነገር ለወሬ ካልሆነ አትመነው። በ2019 ህጉ ተቀይሮ የመጨረሻዎቹ ሶስት ቡድኖች 1ኛውን ምርጫ የማግኘት እድላቸው እኩል 14 በመቶ ሆነ። ዲትሮይት በ2023-24 በተከታታይ 28 ጨዋታ ተሸንፎ፣ ዓመቱን መጨረሻ ሆኖ ጨርሶ፣ እጣው ሲወጣ 5ኛ ደረሰው። እኛ ጋ ደሞ ጭራሽ ድራፍት የለም፣ መሸነፍ የሚያመጣልህ ነገር ቢኖር ልምምድ የሚቀሩ ልጆች ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ማቆየት። ሰው ሁሉ ማቆየት ማለት ማባበል ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር።

አንድ ግራኝ ልጅ ነበረን፣ 11ኛ ክፍል፣ ያን የመሰለ ተጫዋች ከዛ በኋላ አላየሁም። አንድ ውድድር ላይ ብቻውን ተሸክሞን ሁለተኛ ወጣንና እኔ ምን አደረኩ፣ ካፒቴን አደረኩት፣ አዋጥተን ጥብስ ጋበዝነው፣ ፎቶውን ትልቅ አድርገን አሰራንለት። ልጁ ግን አንድ ቀን ኳስ እየሰበሰብን "ጋሼ፣ ሶስት ሰው ነው የሚይዘኝ፣ ኳስ ይዞ ወደፊት የሚያመጣልኝ ሌላ ሰው ያስፈልገኛል" ብሎኝ ነበር። እኔ ጅሉ "አንተ ትችላለህ፣ አንበሳ ነህ" አልኩት። በሁለተኛው ወር አዲስ አበባ ሄደ፣ መሄዱን የሰማሁትም ከባጃጅ ሹፌር ነው። አንበሳ ነህ ማለት ነጻ ነው፣ ፖይንት ጋርድ (ኳስ አምጪውን) መፈለግ ግን ስራ ነው፣ እኔ ነጻውን መረጥኩ።

ሚልዋኪን እይ እንግዲህ። በ2020 ያኒስ ኮንትራቱ ሊያልቅ አንድ ዓመት ቀርቶት አገር ምድሩ "ይሄዳል" ይል ነበር። ቡድኑ ምን አደረገ፣ ህዳር ላይ ድሩ ሆሊደይን ከኒው ኦርሊንስ አመጣ፣ ለሱ ሁለት ተጫዋች፣ ሶስት የድራፍት የመጀመሪያ ዙር ምርጫና ሌላ ሁለት የምርጫ ተራ የመለዋወጥ መብት ከፈለ፣ ውድ ነው ተብሎ ተተቸ። በሚቀጥለው ወር ያኒስ የ5 ዓመት 228 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት ፈረመ፣ በ2021 ደሞ ሚልዋኪ ከ50 ዓመት በኋላ ዋንጫ በላ፣ በመጨረሻው ጨዋታ ያኒስ ብቻውን 50 ነጥብ። በርግጥ ህጉም ረድቷቸዋል፣ ሱፐርማክስ የሚባለው ነገር የራሱ ቡድን ከሌላው የበለጠ እንዲከፍለው ይፈቅዳል፣ ግን ብሩ ብቻ አይመስለኝም። ኮከቡ የሚያየው ጎኑ ማን እንዳለ ነው። ስለዚህ ልጅህ "ይሄ ይጎድለናል" ካለህ፣ ምስጋናውን ተወውና እሱን አምጣለት፣ ከሌላ ሰፈር ለምነህም ቢሆን።

ቀጥሎ ያለው ብዙ ሰው የማይወደው ነው፦ ሁሉም አይቆይም፣ መቼ እንደምታወራ ግን አንተ ነህ የምትመርጠው። ኦክላሆማ ሲቲ ሁለቱንም አይቶታል። በ2016 ኬቨን ዱራንት ኮንትራቱ አለቀ፣ ተነስቶ በጨዋታ ብዛት 3 ለ 1 ሲመሩት ቆይተው ወደተሸነፉለት ጎልደን ስቴት ሄደ፣ ኦክላሆማ በምትኩ ያገኘው ዜሮ ነው። በ2019 ደሞ ፖል ጆርጅ ልሂድ አለ፣ ግን እሱ ገና ዓመታት የቀሩት ኮንትራት ነበረው፣ ስለዚህ ቡድኑ ቁጭ ብሎ ዋጋ ጠራ፦ ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር፣ ዳኒሎ ጋሊናሪ፣ አምስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ፣ ሲደመር የምርጫ ተራ የመለዋወጥ መብት። ያኔ ሼይ ገና አንድ ዓመት የተጫወተ ልጅ ነው። ከነዛ ምርጫዎች በአንዱ በ2022 በ12ኛ ጄለን ዊሊያምስን ወሰዱ። ሁለት ዓመት 22 እና 24 ጨዋታ ብቻ እያሸነፉ ታገሱ፣ በ2025 ሼይ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሆኖ 68 አሸንፈው፣ ፍጻሜ ላይ ኢንዲያናን በጨዋታ ብዛት 4 ለ 3 ረትተው ዋንጫውን ወሰዱ። ልብ በል፣ የኢንዲያናም ከተማ ኢንዲያናፖሊስ ትንሽ ነው፣ ያ ፍጻሜ የሁለት ሀዋሳዎች ጨዋታ ነበር፣ ለዛ ነው እንቅልፍ ያላስቆጨኝ።

እኛ ጋ ኮንትራት የለም ትለኛለህ። አለ እኮ፣ ስሙ ትምህርት ቤት ነው። ልጁ 12ኛ እስኪጨርስ አብዛኛው ቤተሰብ ከሀዋሳ አያንቀሳቅሰውም፣ ስለዚህ 12ኛ ላይ ካወራኸው ኮንትራቱ ያለቀበት ዱራንት ነው፣ 10ኛ ክፍል ላይ ካወራኸው ገና ጊዜ አለህ። ከግራኙ ልጅ በኋላ የመጣችውን ረጅም ልጅ እንደዛ ነው ያደረግነው። ቤታቸው ሄድኩ፣ እናትየው ቡና አፈሉ፣ "እማማ፣ ልጅዎ ክለብ ትገባለች፣ ይሄ አይቀርም፣ እስከዛ ግን ምን ያሳስብዎታል?" አልኳቸው። እኔ ጫማ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ "ማታ ስትመለስ መንገዱ ጨለማ ነው፣ ደሞ ሂሳብ እየወደቀች ነው" አሉኝ። በቃ፣ አንድ የሚያውቀን ባጃጅ በወር ተስማማን፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የድሮ ተጫዋቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ሂሳብ ያስጠናት ጀመር። ይሄ ሁሉ ለግራኙ ካሰራነው ፎቶና ጥብስ ብዙም አይበልጥም። ልጅቷ ሁለት ዓመት ከግማሽ ቆየች፣ ክለብ ሲደውል ደሞ እናትየው "መጀመሪያ ለአሰልጣኟ ደውሉ" አሏቸው። እዛች ጋ ነው ዋጋ መጥራት የምትችለው።

ስለ ገንዘብ ትንሽ ልበል፣ ብዙም የለንም ግን ያለችውን የት እንደምታውል ማወቅ አለብህ። ኦክላሆማ በ2012 ጄምስ ሃርደንን በጥቂት ሚሊዮን ዶላር ልዩነት አልስማማ ብሎ ለሂውስተን ሰጠው፣ ሰውዬው በ2018 የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። እነ ዱራንት፣ ዌስትብሩክና ሃርደን አንድ ቡድን ውስጥ ነበሩ እኮ፣ ሶስቱም በየተራ ያን ሽልማት ወስደዋል፣ አብረው ግን አንድም ዋንጫ የላቸውም። በ2025 ክረምት ያው ቡድን ሼይን፣ ዊሊያምስንና ሆልምግረንን ሶስቱንም አስፈረመ፣ ተምረዋል ማለት ነው። በተቃራኒው ሚልዋኪ በ2023 ሆሊደይን ለቆ ዳሚያን ሊላርድን አመጣና በ2025 ተጎድቶ ሳለ አሰናበተው፣ ደሞዙ ግን በአምስት ዓመት ተከፋፍሎ ይከፈላል። ወጣቱ ላይ ሳንቲም አትቁጠር፣ ስሙ ትልቅ የሆነው ላይ ግን ቁጠር።

ደንካን በ2012 ከ21 ሚሊዮን በላይ ይከፈለው የነበረውን ወደ 10 ሚሊዮን ገደማ ዝቅ አድርጎ ፈረመ፣ በ2014 አምስተኛ ዋንጫውን በላ። ይሄን ታሪክ የሚወዱ አሰልጣኞች አሉ፣ "አየህ ለቡድኑ ሲል" ይላሉ። ተው እንጂ፣ ሰውዬው ያን ጊዜ ሚሊየነር ነው። ቁርስ ሳይበላ ልምምድ ለሚመጣ ልጅ መስዋእትነት አትስበክ።

የቀሩት ተጫዋቾች ደሞ ኮከብ መሆን የለባቸውም፣ አንድ ነገር በደንብ ይቻሉ። የኦክላሆማውን ሉ ዶርትን ማንም በድራፍት አልወሰደውም ነበር፣ በ2025 የሻምፒዮን ተከላካይ ሆነ። እኔ ጋ ቁመቱ እዚህ ግባ የማይባል፣ ግን የተጋጣሚን ምርጥ ልጅ እንደ መዥገር የሚጣበቅ አንድ ልጅ አለ፣ ነጥብ አስቆጥሮ አያውቅም ማለት ይቻላል፣ አላወጣውም።

እና ክለቡ ሲደውል ምን ትላለህ? አትቆጣ፣ አትለምን፣ "እንኳን ደስ አላት፣ ኑና እንነጋገር" በል። እኛ አራት ኳስ፣ ስድስት ጥንድ ጫማና ሀዋሳ መጥተው አንድ የወዳጅነት ጨዋታ እንዲጫወቱ ነው የጠየቅነው። ሁሉንም በወረቀት አድርገው፣ ቤተሰብ ባለበት፣ ቀን ተጽፎ። ኳሶቹ በሳምንቱ ደረሱ፣ ጫማው አምስት ጥንድ ነው የመጣው፣ ስድስተኛው "መንገድ ላይ ነው" ከተባለ ዓመት አለፈው። ደሞ ብዛቱን ብቻ አትጻፍ፣ ቁጥሩንም ጻፍ፣ ከአምስቱ ሁለቱ 47 ቁጥር ናቸው፣ እኔ ጋ ትልቁ እግር 43 ነው።