ፒኤች ሜትሩ ለምን ይዋዥቅ ነበር?

ኮምቦልቻ፣ የጨርቅ ማቅለሚያ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ፒኤች ሜትሩ (የፈሳሽን አሲድነትና አልካሊነት የሚለካው መሣሪያ) ያንኑ ናሙና አንዴ 10.6፣ አንዴ 11.2 እያለ ሲያናድደን ሰነበተ። አዲስ ባፈር (ሜትሩ የሚስተካከልበት፣ ፒኤቹ የታወቀ ፈሳሽ) ተከፈተ፣ ወይ ፍንክች!

ማሳያውን ወደ ሚሊቮልት ቀየርኩት (ይህን ቁልፍ ብዙ ሰው አይነካውም፣ ጉዱ ግን እዚያ ነው ያለው)። ደህና ኤሌክትሮድ (ፈሳሹ ውስጥ የሚነከረው የሜትሩ ዘንግ) ባፈር 7 ውስጥ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ባፈር 4 ውስጥ ሲገባ ደግሞ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 177 ሚሊቮልት ገደማ ይጨምራል። የኛው 150 እንኳ በቅጡ አልሞላም፣ ያውም እየተንቀራፈፈ። ጫፉን በማጉያ መነጽር ሳየው፣ ጨው የምታሳልፈው ከመስታወቱ ኳስ ጎን ያለችው ነጭ ነጥብ በማቅለሚያ ተደፍና ሰማያዊ ሆናለች። ለብ ባለ የሳሙና ውሃ አጠብኩት፣ ከዚያ 3 ሞላር የፖታሲየም ክሎራይድ ጨው ውሃ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ተስተካክሏል።

ግን ሌላም ነበር። ናሙናው ትኩሱን ይመጣል፣ የሙቀት መለኪያው ሽቦ ስላልተሰካ ሜትሩ ሁሉንም 25 ዲግሪ ነው ብሎ ያሰላል። በ60 ዲግሪ የአንድ ፒኤች ልዩነት 66 ሚሊቮልት ነው እንጂ 59 አይደለም፤ ፒኤች 11 አካባቢ ይህ ብቻውን ግማሽ ነጥብ ገደማ ያሳስታል። ሽቦውን ሰካሁት፣ ናሙናውንም አቀዝቅዘን ነው የምንለካው።

ኤሌክትሮዱን ደግሞ የተጣራ ውሃ ውስጥ አታስቀምጡት፣ የውስጡን ጨው ይመጥበታል።