ግቢ ሆናችሁ የቀበሌ ምርጫ እንዴት ትመርጣላችሁ?

በ2005 ዓ.ም. ሚያዝያ የወረዳና የቀበሌ ምርጫ ሲደረግ እኔ ደብረ ማርቆስ የተማሪዎች ዶርም ውስጥ ነበርኩ፤ የመራጭ ካርዴ ደግሞ ቢቸና፣ እናቴ ሳጥን ውስጥ። ለእረፍት ስሄድ ተመዝግቤ እዚያው ትቼው መጣሁ። መምረጥ ጠልቼ አይደለም። መሳፈሪያ አልነበረኝም፣ ሰኞ ደግሞ ሚድ ፈተና ነበረብኝ።

የ2010ሩ የአካባቢ ምርጫ ተራዘመ። ስለዚህ ዛሬ ፍሬሽ የሆነ የጎጃም ልጅ የቀበሌ ምርጫ አይቶ ከሆነ እናቱ እጁን ይዛ አሰልፋው ነው። እንግዲህ ከዜሮ እንጀምር።

መጀመሪያ የት እንደምትመርጡ ወስኑ። ትልቁ ጣጣ ይሄ ነው፣ ሌላው ቀላል ነው። የምርጫ አዋጁ፣ ቁጥር 1162፣ 18 ዓመት የሞላችሁ ኢትዮጵያዊ እንድትሆኑና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር እንድትኖሩ ይጠይቃል። ከግቢ ውጭ ተከራይታችሁ መንፈቅ ካለፋችሁ እዚያው ሰፈር መመዝገብ ትችላላችሁ ማለት ነው፤ ግን የቀበሌ መታወቂያ ልታወጡ ስትሄዱ ከድሮው ቀበሌ መሸኛ አምጡ መባላችሁ አይቀርም፣ ለመሸኛ ብቻ አገር ቤት ደርሶ መመለስ ደግሞ ቀን ይበላል፣ ስለዚህ ነገሩን ለምዝገባ ሰሞን አታቆዩት፣ ለበዓል ስትሄዱ ጨርሱት።

ዶርም የምትኖሩ ሌላ መንገድ አላችሁ። ሕጉ ለከፍተኛ ትምህርት ተቋም ተማሪዎች ልዩ የምርጫ ጣቢያ እንዲቋቋም ይፈቅዳል። ግቢያችሁ ውስጥ ወይም አጠገቡ ተከፍቶ እንደሆነ ጠይቁ። ከሁሉ በፊት ግን «ድምፄ የሚቆጠረው ለየትኛው ምርጫ ክልል ነው?» በሉ። ለፓርላማ ሲሆን ብዙም ላያሳስባችሁ ይችላል፣ ለቀበሌ ግን የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት አለው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ኑሯችሁ ያለበትን ምረጡ። ውሃ መጣች ሲባል ጀሪካን ይዞ የሚሮጥ፣ ከላይብረሪ ሲመለስ መብራት የሌለውን መንገድ በስልክ ባትሪ የሚያቋርጥ ተማሪ ለሰፈሩ እንግዳ አይደለም። የአገር ቤቱ ይበልጥብኛል የሚልም አለ፣ አልከራከርም። ሁለቱም ቦታ መመዝገብ ግን አይቻልም፣ ያስጠይቃል።

ከወሰናችሁ በኋላ መታወቂያ ይዛችሁ ራሳችሁ ሂዱ። የቀበሌ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ካለ ነገሩ አለቀ። እናታችሁ ልታስመዘግባችሁ አትችልም፣ ጓደኛም እንደዚያው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሄድ ይሻላል፣ አንድ ጣቢያ የሚመዘግበው መራጭ ቁጥር ገደብ አለው። ካርዱን ሲሰጧችሁ ስማችሁን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። ከዚያ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። ሳጥን ውስጥ አይደለም!

እጩዎቹን ማወቅ ትንሽ ይከብዳል። የቀበሌ እጩ ቴሌቪዥን ላይ አይወጣም። አከራያችሁን ወይም ቡና የምትጠጡባቸውን እትዬን ጠይቁ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ሳይቀር ይነግሯችኋል። የቀበሌ ምክር ቤት መቀመጫው ብዙ ስለሆነ ከአንድ በላይ እጩ የምትመርጡበት ሁኔታ አለ፤ ስንት እንደሆነ ሳትጠይቁ ብዕር አታንሱ፣ ከተፈቀደው በላይ ምልክት ያለበት ወረቀት ይበላሻል።

የምርጫው ዕለት ካርዱንና መታወቂያውን ያዙ። ድምፅ የሚሰጠው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ፈተና ካላችሁ በጠዋት ጨርሱት። መዝጊያው ሲደርስ ሰልፍ ላይ ከሆናችሁ አትሂዱ፣ ተራችሁን ጠብቁ። ጣታችሁን ቀለም ይቀቧችኋል። ከመጋረጃው ጀርባ ለብቻችሁ ገብታችሁ የኤክስ ምልክት ወይም የአውራ ጣት አሻራ ታደርጋላችሁ፣ ወረቀቱን አጥፋችሁ ሳጥን ውስጥ ትከታላችሁ።

ቆጠራው እዚያው ጣቢያ ይካሄዳል፣ ውጤቱም ውጭ ይለጠፋል። ወደ ክላስ ስትሄዱ ቆም ብላችሁ አንብቡት። ያሸነፈውን ሰው ስም ፎቶ አንሱት፣ የመንገዱ መብራት ሲጠፋ የምትፈልጉት እሱን ነው።